እመት አሸዋ

መካኒኩ ከመኪናዬ ሥር ተንሸራቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይህችን መኪና እንዲህ ያደረጋት ማነው?» አለኝ።

ወጣት ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። የወሰድኩለት ፍሬኗን እንዲያይልኝ ነበር። በየቀኑ ሥራ የምሄድባት እሷ ስለሆነች የማላውቀው ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጋራዥ እሮጣለሁ።

«የቀኙ ሞላ የራሷ አይደለም» አለ። ሞላ የሚለው ከጎማው በላይ ተጠምዝዞ የተቀመጠውን፣ የመንገዱን ነውጥ የሚውጠውን ብረት ነው። «ከግራው ጋር አይገናኝም፤ በጣም ልል ነው። ትልቅ ሰው አጠገብሽ ሲቀመጥ ወደ ቀኝ አታዘነብልም?»

«ታዘነብላለች።»

«እኮ። ስፖርት መኪና እኮ ናት፤ ለሩጫ የተፈጠረች። የአሮጊት አልጋ አድርገዋት ነው የሄዱት። ደግሞ ይሄስ ምንድነው?»

አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ዳሽቦርዱ ላይ በጎን የተጣበቀውን ውሃ ልክ አሳየኝ። ግንበኛ ድንጋይ ሲደረድር የሚያጋድመው፣ በመስታወቱ ውስጥ አንዲት አረፋ የምትዋልልበት ዓይነት ነው፤ ይሄኛው ግን አጭር፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ።

«አባቴ ግንበኛ ነበር» አልኩት።

«እህ» አለ፣ ነገሩ ሁሉ እንደተገለጠለት። «ሞላውን ልቀይርልሽ? እንደ ጥንቷ ትሆናለች።»

«ላስብበት» አልኩት። እሱ ወደ ፍሬኑ ተመለሰ፤ እኔም ከበሩ አጠገብ የተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጅ ሆኜ መኪናዋን የማውቃት ተሸፍና ነው። ከግቢያችን ጥግ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ እስከ ጎማዋ ድረስ ሸራ ለብሳ ትኖር ነበር። ስለዚህ ሰፈርተኛው «ሙሽራዋ» ይላታል።

«ሙሽራዋ ዛሬም አልተገለጠችም?» ይላል ጎረቤታችን፣ አባቴን ነካ ለማድረግ።

«ሚዜ ጠፍቶ ነው» ብሎ ያልፋል አባቴ።

አባቴ ወንደላጤ ሳለ የገዛት፣ እናቴን ይዞ የዞረባት መኪና ናት። ቀለሟ የጠርሙስ አረንጓዴ፣ ቁመቷ ከአባቴ ደረት ዝቅ ያለ፣ መቀመጫዋ ሁለት ብቻ። ከሁለቱ ወንበሮች ጀርባ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ አንድ ቦርሳ ከገባባት ሞላች ማለት ነው። እኔ በተወለድኩ ዓመት ቆመች። ይህን ማንም አልደበቀኝም፤ እንዲያውም ቀልድ ነበር። «አንቺ ስትመጪ እሷ ተቀመጠች» ትለኛለች አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ። ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ማታ አልጋዬ ላይ ግን ቀልዱ ክስ ይሆንብኛል። ሁለት ሰዎች በሁለት ወንበር ደስ ብሏቸው ሲሄዱ እኔ ሦስተኛ ሆኜ መጣሁባቸው፤ ነገሩ እንዲህ ነበር የገባኝ።

አባቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸራውን ገፈፈው። አቧራው እንደ ዱቄት ግቢውን ሞላ። ያ ጊዜ እናቴ ከአውቶቡስ ወርዳ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ የምትተኛበት ጊዜ ነበር። ፊቷ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ አክስቴ ቀስ ብላ ጫማዋን ትፈታላታለች። አውቶቡሱ ውስጥ የተጣላችው ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። «ማነው ያናደዳት?» ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። «መንገዱ» አለችኝ አክስቴ።

እውነቷን ነበር። ሕመሙ በቀኝ ዳሌዋ አጥንት ውስጥ ነበር። ሕክምናው የሚገኘው ተራራውን ተሻግሮ ባለው ትልቅ ከተማ ብቻ ነው፤ ያውም በየቀኑ መመላለስ ይፈልጋል። ለምርመራ ስትመላለስ አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ በወደቀ ቁጥር ከንፈሯን ነክሳ ታደማው እንደነበር፣ ከመንገድ ወርዳ የተመለሰችበት ቀን እንደነበር፣ «ከዚህ በኋላ አልሄድም፤ የመጣው ይምጣ» ማለቷን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ ሸራውን የገፈፈው ያን ባለች ማግስት ነበር።

ያኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። እናቴና አክስቴ አልጋው ላይ ተቀምጠው ልብስ ያጥፋሉ። እኔ ከበሩ ጀርባ ነኝ።

«እዚያው አልጋ ይዘሽ ብትቆዪ ምን አለበት?» አለች አክስቴ።

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የመለሰችውን አልሰማሁም።

«መኪናዋ እንደሆነች ሁለት ሰው ናት የምትይዘው።»

«እሱ ነው ደስ ያለኝ» አለች እናቴ። «ልጅቷ ልምጣ ብትል ቦታ የለም እንላታለን፤ አለቀ።»

ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። እንደ ድሮው ሁለት ሊሆኑ ነው። መኪናዋ የምትታደሰው እኔ ወዳልነበርኩበት ጊዜ ሊመለሱባት ነው።

ሥራውን የያዘው ጋሼ ቡሎን የሚባል፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ የሆነ መካኒክ ነበር። አጭር፣ ድፍን ያለ፣ ራሱ ክብ ስለሆነ ነው ስሙ። እሱም በስሙ አይከፋም፤ «እኔ ቡሎን ነኝ፤ ሻይ ካላጠበቀኝ እወልቃለሁ» ይላል። እኔን «ተቆጣጣሪዋ» ይለኝ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመጣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ከጥላው ሥር ስለምቆም።

«ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ዝም ብለህ ሥራ» ይለዋል አባቴን።

ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥለው አወረዱት። የደረቁትን ቱቦዎች፣ አይጥ የበላቻቸውን ሽቦዎች፣ የዛገውን ራዲያተር ሁሉ አንድ በአንድ ለወጡ። ጋሼ ቡሎን የረጅም ካቻቢቴን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሁለቱ የማይስማሙት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር።

«ይህች ፈረስ ናት» ይላል ጋሼ ቡሎን። «ልጓሟን ላላ አድርግላት፤ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የምትወጣው።»

«ፈረስ አልፈልግም። በቅሎ ስጠኝ። ጠዋት ሲያስነሷት የምትነሳ፣ ዳገት ላይ የማታኮርፍ፣ ማታ የምትመልሰኝ።»

«ኋላ አባትሽ ማነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት ስትል አሳፍራህ እንዳትቀር።»

«ትበል። ብቻ ትመልሰኝ።»

መጀመሪያ የተነሳች ቀን የጭስ ማውጫዋ እንደ ጥንቱ ነበር። ስታጓራ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠሉ፤ የእኔም ደረት ውስጥ ገብታ ተንቀጠቀጠች። እንደዚያ የሚያምር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ግን ወደ እናቴ መኝታ ቤት መስኮት አየና ቁልፉን አዞረው። «ዝም አስብላት» አለ። በሳምንቱ ድምፅ የሚውጥ ማርሚታ ተገጠመላት፤ ከዚያ በኋላ የምታሰማው እንደ ድመት ማንኮራፋት ሆነ።

ጠዋት ጠዋት አባቴ ሥራ ከመሄዱ በፊት ይሞክራታል። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ አዳምጣለሁ። ትስላለች፣ ትስላለች፣ ዝም ትላለች፤ አንጀቴ ይርሳል። እየቆየ ግን ማሳሏ እያጠረ ሄደ። አንድ ጠዋት ቁልፉ እንደተነካ ተነሳች፤ በማግስቱም፣ በማግስቱም። ጋሼ ቡሎን «በቅሎህ ተወለደች» ሲለው ሰማሁና ትራሴን በጆሮዬ ላይ ጫንኩ።

የቀረው ሞላው ነበር። ለሩጫ የተሠራ ሞላ ደረቅ ነው፤ ጠጠር እንኳ ብትረግጥ ወንበሩ ላይ ይሰማል። አባቴ ደግሞ በሰው ስሜት አያምንም። ብርጭቆ ውሃ አፉ ድረስ ሞልቶ ባዶው ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ሰፈሩን ዞሮ ይመለሳል፤ ወንበሩን በእጁ ይዳብሳል።

«ረጥቧል» ይላል።

«የግንበኛ ነገር» ይላል ጋሼ ቡሎን። «መኪናና ግድግዳ አንድ መሰለህ?»

«ውሃ አይዋሽም።»

እኔ በር ላይ ቆሜ ብርጭቆው ሽርሽር ሄዶ ሲመለስ አያለሁ። ብርጭቆ እንኳ ቦታ አግኝቷል።

አንድ ቀን ጋሼ ቡሎን ታከተው። «ሞላ በባዶ ወንበር አይለካም። የሚለሰልሰው ለሚጫነው ነው፤ ክብደት አስቀምጥበት።» ይህን ስሰማ ሳላውቀው አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድኩ። አባቴ ዙሪያውን ቃኘ። ዓይኑ በእኔ ላይ አልፎ ሄደ። ከዚያ ከግቢው ጥግ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት አመጣና ለግንባታ ከተከመረው አሸዋ ይሞላበት ጀመር። ትንሽ ይጨምራል፣ በሁለት ክንዱ አቅፎ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል፣ ደግሞ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ አቅፎት ቆመና ራሱን ነቀነቀ። ወስዶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ ቀበቶም አሰረለት።

«ይህችስ እመቤት ማን ናት?» አልኩ፣ ሆድ እንደባሰኝ እንዳይታወቅብኝ።

«አንቺ ስም አውጪላት» አለኝ።

«እመት አሸዋ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እመት አሸዋ ከአባቴ ጋር ሽርሽር ወጣች፤ ብርጭቆዋንም ጭኗ ላይ ይዛ። ጋሼ ቡሎን በቀኝ በኩል ልል ሞላ አገባ፤ «ሁለት ዓይነት ሞላ በአንድ መኪና፤ አንካሳ አደረግካት» እያለ። አባቴ ትንሹን ውሃ ልክ ዳሽቦርዱ ላይ ያጣበቀው ያኔ ነው። ልል ሞላ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ መኪናዋ ወደ ቀኝ ካዘነበለች ደግሞ የሰው ክብደት ሁሉ ቀኝ ዳሌው ላይ ያርፋል። ይህን ያኔ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እኔ የማውቀው የግቢያችንን ሲሚንቶ ወለል አባቴ ራሱ እንዳፈሰሰውና እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ መሆኑን፣ ውሃ ልኩም ትክክል የሚናገረው እዚያ ላይ ስንቆም መሆኑን ነው።

«አረፋዋን እዪያት» አለኝ አባቴ። «ክብደት ካለበት ትሸሻለች፤ ወደ ቀለለው ትሄዳለች። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ መሐል ትቆማለች።»

እመት አሸዋ በወንበሯ፣ አባቴ በወንበሩ፤ አረፋዋ በሁለቱ መስመሮች መካከል ቀጥ አለች። አልቋል ተባለ። ጋሼ ቡሎን እጁን ታጠበ።

በማግስቱ አባቴ እመት አሸዋን አወረዳትና እናቴን በክንዷ ደግፎ አመጣት። ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ቀስ ብላ ገባች፤ እጇን በሩ ላይ አሳርፋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ወንበሩ እንደ ድሮው ይሸታል» አለችው። አባቴ በሌላው በር ገብቶ ተቀመጠ። እኔ በመስኮቱ በኩል አረፋዋን አየኋት። መሐል አልቆመችም። ወደ እናቴ ሄደች፤ ጥጉ ድረስ።

አባቴ ውሃ ልኩን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

«ምንም። ውሃ ልኩ ተበላሽቷል መሰል።»

አባቴ ውሃ ልክ ተበላሸ ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልሰማሁም።

እናቴ ከገባች በኋላ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ የእመት አሸዋን አፍ ፈታ። በጣሳ እየጨለፈ አሸዋውን ወደ ክምሩ ይመልሰው ጀመር። አቅፎ ያነሳታል፤ ያወርዳታል፤ ይጨልፋል። ጋሼ ቡሎን ሌላ፣ ከበፊቱም የላላ ሞላ ይዞ ሲመጣ እንደወትሮው አልቀለደም። ከቀናት በኋላ ደግሞ ተጨለፈ፤ ሞላውም እንደገና ተነካካ።

እኔ ደስታዬን የማደርገውን አጣሁ። እናቴ ሞከረች፤ ውሃ ልኩ እምቢ አለ። አሁን አባቴ እመት አሸዋን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ወደ ልጅ ክብደት እያወረዳት ነው። ወንበሩ የእኔ ሊሆን ነው። ከዚህ የተለየ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል አልታየኝም።

እህል መደብር ሄጄ ሚዛኑ ላይ ልውጣ አልኩ።

«ልትሸጪ ነው ልትገዢ?» አለኝ ባለመደብሩ።

«ልመዘን።»

አወጣኝ፤ «ገና ነሽ፤ ብትበዪ ይሻላል» አለኝ። እኔም መብላት ጀመርኩ። ከረጢቱ እየቀነሰ፣ እኔ እየጨመርኩ፣ መንገድ ላይ እንገናኛለን ብዬ አሰብኩ። ገበታ ላይ እናቴ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ሳህኗን ወደ እኔ ትገፋዋለች። «ብዪልኝ እስቲ፣ የኔ እናት» ትላለች። እኔ አፌን ሞልቼ እበላላታለሁ። አክስቴ ዓይኗን ወደ ግድግዳው ትመልሳለች። እናቴ ግን ታየኛለች፤ ጉንጬ ሲነፋ እያየች ፈገግ ትላለች። በዚያ ወቅት ፊቷ ሲበራ የማስታውሰው በገበታ ላይ ብቻ ነው።

ዋናው ሕክምና የሚጀመርበት፣ የመሄጃው ቀን ደረሰ። እኔ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ጥሩ ጫማዬን አድርጌ ከቀኙ በር አጠገብ ቆምኩ። አባቴ እመት አሸዋን አቅፎ አወጣትና ክምሩ ላይ ዘረገፋት። ባዶው ከረጢት እጁ ላይ ቀረ። አክስቴ እናቴን ደግፋ ከቤት አወጣቻት። የለበሰችው ካፖርት የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ገብታ ተቀመጠች። አባቴም ገባ። ሁላችንም ወደ አረፋዋ አየን። አንዴ ዋለለችና መሐል ቆመች።

ጋሼ ቡሎን ቆቡን አወለቀ። አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ ትንሽ አሳረፈ።

«እኔስ?» አልኩ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ቦታ የለም፣ የኔ እናት» አለች፤ ከበሩ ጀርባ የሰማሁትን ራሱን። ብቻ ድምፅዋ ለአክስቴ እንዳለችው አልነበረም።

መኪናዋ ያለ ድምፅ ወጣች። እኔ ጥሩ ጫማዬን እንዳደረግሁ አሸዋው ክምር ላይ ተቀመጥኩ፤ አክስቴ ግቢ ብትለኝ፣ ብትለምነኝ፣ ንቅንቅ አላልኩም። ትምህርት ቤት በግድ ሄጄ ተመልሼ እዚያው ተቀመጥኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንገቴን ደፍቼ በአሸዋው ስጫወት፣ መምጣቷን ሳልሰማ መኪናዋ አጠገቤ ቆማለች። መስኮቱ ወረደ። የእናቴ ፊት ነጥቷል፤ እጇ ላይ ብርጭቆው አለ፤ ውሃው አፉ ድረስ እንዳለ ነው።

«በላሽ?» አለችኝ።

ቂሜን ቋጥሬ አሸዋውን መጫር ቀጠልኩ። በማግስቱም መጣች፣ «በላሽ?» አለች። በሦስተኛው ቀን «በላሁ» አልኳት። ያ ሕክምና እስኪያልቅ፣ ዝናብ ቢዘንብ ጭጋግ ቢወርድ፣ መኪናዋ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቀረችም።

እናቴ ከበሩ ማዶ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የመለሰችውን አክስቴ የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ዕቃዬን ስታስርልኝ ነው። ሐኪሞቹ እዚያው አልጋ ያዢ ብለዋት ነበር። «ማታ ማታ ልጄን ሳላይ አላድርም» አለቻቸው። ያን ክፍልና እዚያ የተኙትን ሰዎች ደግሞ እኔ እንዳይ አልፈለገችም። አባቴ ጠዋት የምትነሳ፣ ማታ የምትመልስ በቅሎ የፈለገው ለዚህ ነበር። እኔን ታስወጣኛለች ያልኳት መኪና ከሽቦዋ እስከ ሞላዋ የተሠራችው በየምሽቱ ወደ እኔ እንድትመለስ ነው።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አብራን ቆየች።

ወንበሩ ለተወሰነ ጊዜ ባዶውን ሄደ፤ መጣ። አንድ ጠዋት አባቴ ቀኙን በር ከፍቶ፣ «ግቢ፣ ሚጡ፤ ትምህርት ቤት ላድርስሽ» አለኝ። ያን ያህል የተመኘሁት ወንበር ነው፤ ገብቼ ስቀመጥ ግን ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ቀና ስል አረፋዋ ወደ እኔ መጥታ ጥጉ ላይ ተለጥፋለች። ገና ቀላል ነበርኩ። አባቴም አያት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ፣ መኪናዋ ከወለሉ ሳትንቀሳቀስ፣ ሰረቅ አድርጎ ያያታል።

ልጅ ያድጋል። የዩኒፎርሜ እጅጌ ባጠረበት ዓመት፣ አንድ ጠዋት አባቴ ሞተሩን አስነስቶ ሳይሄድ ቀረ። እጁን ማርሹ ላይ እንዳደረገ ወደፊት ያያል።

«አባዬ፣ እምቢ አለች እንዴ?»

ቁልፉን አዙሮ አጠፋት። ዓይኑ ያለበትን ተከትዬ አየሁ። አረፋዋ በሁለቱ መስመሮች መካከል ቀጥ ብላለች።

«እናትሽ እንዲህ ነበረች» አለ።

የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ከሩቅ ሰማሁት፤ እሱም ሰምቶታል። ሁለታችንም አልተነቃነቅንም። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ እንዳልጨምር እንዳልቀንስ ተጠንቅቄ ተቀመጥኩ።

በዚያ ልክ የቆየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ክፍል ሳልቀይር አረፋዋ ወደ አባቴ በኩል ማለት ጀመረች፤ ከዚያም አለፈች። አንድ ሰሞን ምግብ ልቀንስ ሞክሬ ነበር። አባቴ ነቃብኝ። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋና፣ «ብዪ» አለኝ፤ «እሷ የለፋችው እንድታልፊ ነው።»

«አሰብሽበት?» አለኝ መካኒኩ፣ ከላዬ ቆሞ። ፍሬኑን ጨርሷል።

«ፍሬኑ ብቻ ይበቃል።»

«ታዘነብላለች እኮ።»

«አውቃለሁ። ሰው ሲኖር ቀስ እያልኩ እነዳለሁ።»

ትከሻውን ነቀነቀና ቁልፉን ሰጠኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። የጋራዡ ወለል ደህና የተስተካከለ ነው፤ ሳየው ይታወቀኛል፣ የአባቴ ልጅ ነኝ። ቁልፉ እንደተነካ ሞተሩ ተነሳ። አረፋዋ አንዴ ዋለለችና፣ እንደልማዷ፣ ወደ ባዶው ወንበር ሄደች።